በትንሽ ቶርኖ ሚሊንግ መሥራት፦ የጎደለው ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ ነው

የገጠር ወፍጮ የሚቆምበት ምክንያት ብዙ ነው። ናፍጣ ያልቃል፤ ቺንጋ ይበጠሳል፤ ድንጋዩ ይዶለድማል። አንዳንዴ ግን ሞተሩም ቺንጋውም እየዞሩ ድንጋዩ ቆሞ ይቀራል። ፑሊው (ቺንጋው የሚያዞረው መዘውር) ሻፍቱ (የሚዞረው ዘንግ) ላይ በከንቱ እየተንሸራተተ ነው ማለት ነው። በሻፍቱና በፑሊው መሀል ገብታ ሁለቱን የምታያይዝ ትንሽ ብረት አለች፤ ኪይ ይሏታል። የተቀመጠችበት ቦይ ሰፍቶባታል። የወፍጮው ባለቤት ሻፍቱን በማዳበሪያ ጠቅልሎ ከባቲ ወይም ከሐይቅ ወደ ኮምቦልቻ ይዞት ይመጣል። የባቲው ሰው ጥያቄ የታወቀ ነው፦ «ለሰኞ ይደርስልኛል?» ሰኞ የባቲ ገበያ ነዋ።

አዲስ ሻፍት ማውጣት ለቶርኖ ቤት ቀላል ሥራ ነው። ቦዩን ማውጣት ግን የሚሊንግ ማሽን ሥራ ነው። ሚሊንግ ማሽን ደግሞ በየሰፈሩ አይገኝም። ስለዚህ ቦዩ በግራይንደር ይቦረቦራል፤ አለዚያም በመሮና በሞረድ ይፈለፈላል። ትዕግሥት ያለው ሰው በሞረድ ጥሩ ቦይ ያወጣል፤ ይህን አልክድም። በግራይንደር የወጣው ግን ግድግዳው ቀጥ አይልም። ኪይዋ ውስጡ ትወዛወዛለች፤ ሻፍቱም ብዙ ሳይቆይ ተመልሶ ይመጣል።

ትንሽ የብረት ቶርኖ ያለው ሰው ሌላ አማራጭ አለው። ያችኑ ቶርኖ ሚሊንግ ማሠራት ይችላል። የሚያስፈልገውን ተጨማሪ ዕቃ አብዛኛውን ራሱ ሊሠራው ይችላል። እንዴት የሚለውን ከመናገሬ በፊት ለምን እንደሚቻል ላስረዳ። ምክንያቱ ከገባችሁ ቅርጹን እንደያዛችሁት ብረት ታስተካክሉታላችሁ።

ምን አለን? ምን ጎደለን?

ቶርኖ ላይ የሚቆረጠው ብረት ይዞራል፤ መቁረጫው ሳይዞር ይገፋል። ሚሊንግ ላይ ተገላቢጦሹ ነው። መቁረጫው ይዞራል፤ ብረቱ ይገፋል። እንግዲህ መቁረጫውን ስፒንድሉ (የቶርኖዋ የሚዞር ዋና ዘንግ) ላይ፣ ብረቱን ደግሞ መቁረጫ በሚታሰርበት ቦታ ብናስር ሥራው ተጋመሰ። ሞተሩ አለ። ስፒንድሉ ከነኩሽኔታው አለ።

ብረቱን በስንት አቅጣጫ መግፋት እንችላለን? ካሬጁ (መቁረጫ የሚጫንበት ተንሸራታች ክፍል) በቤዱ (በቶርኖዋ ረጅም መደብ) ላይ ግራና ቀኝ ይሄዳል። ይህ ብረቱን ወደ መቁረጫው ያስጠጋዋል፤ ጥልቀት የምንሰጠው በእሱ ነው። ካሬጁ ላይ የተቀመጠው ክሮስ ስላይድ ወደኛ ይመጣል፣ ከኛም ይርቃል። የቦዩ ርዝመት የሚወጣው በእሱ ነው። የጎደለው አንድ ነው፤ ወደ ላይና ወደ ታች።

ቨርቲካል ስላይድ የሚባለው ዕቃ ይህችን አንዲት እንቅስቃሴ የሚሰጥ ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የእንግሊዙ ማይፎርድ እ.ኤ.አ. በ1946 ላወጣት ኤምኤል7 ለተባለች ትንሽ ቶርኖ ቨርቲካል ስላይድም ይሸጥ ነበር። ቦታና ገንዘብ ያጠረው ብዙ ሰው በዚህ መንገድ ሄዷል።

ለኪይ ቦይ ብቻ ከሆነ

ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር ይህ ነው። ለሻፍቱ ኪይ ቦይ ብቻ ከሆነ ቨርቲካል ስላይድ አያስፈልጋችሁም። ሻፍቱ ክሮስ ስላይዱ ላይ በአግድም ይታሰራል። ጥልቀቱን ካሬጁ፣ ርዝመቱን ክሮስ ስላይዱ ይሰጣል። ቁመቱ አንዴ ከተስተካከለ በኋላ የሚነካው የለም። ዋናው ነገር የሻፍቱ መሀል ከስፒንድሉ መሀል ጋር እኩል ከፍታ ላይ መሆኑ ነው።

ይህን በልኬት ማግኘት ያደክማል። ቀላሉ መንገድ ቶርኖዋ ራሷ እንድትለካው ማድረግ ነው። ቱል ፖስቱን (የመቁረጫ መያዣውን) አውጡ። በቦታው ወፍራም የብረት ብሎክ በብሎን እሰሩ። ቻኩ (ስፒንድሉ ጫፍ ላይ ያለው ጨባጭ) ላይ መሰርሰሪያ አድርጉና ብሎኩን በካሬጁ እየገፋችሁ ብሱት። ከትንሽ መሰርሰሪያ ጀምሩ። መጨረሻውን ቻክ ላይ በታሰረ ቦሪንግ ባር (ቀዳዳ ማስፊያ) ሻፍቱ እስኪገባ አስፉት። ቀዳዳውን ያወጣው ስፒንድሉ ስለሆነ ከፍታው ከስፒንድሉ መሀል ጋር እኩል ነው። አሁን ብሎኩን 90 ዲግሪ አዙራችሁ መልሳችሁ እሰሩት። ቀዳዳው ወደኛ ዞረ፤ ከፍታው ግን አልተለወጠም። ብሎኩን ከላይ እስከ ቀዳዳው በሴጌቶ ሰንጥቁት፤ በሁለት ብሎን ሲጠበቅ ሻፍቱን አንቆ ይይዛል። ሻፍቱ ከብሎኩ ወጥቶ የሚታየው ቦዩ የሚወጣበት ያህል ብቻ ይሁን። ረዝሞ ከወጣ ይንቀጠቀጣል።

ልኩን እንናገር። ዲያሜትሩ ከ22 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ለሆነ ሻፍት የተለመደው ኪይ ስፋቱ 8፣ ቁመቱ 7 ሚሊ ነው። ሻፍቱ ላይ የሚቆረጠው ጥልቀት 4 ሚሊ ነው። ፑሊው ውስጥ 3.3 ሚሊ። ሻፍቱ ከ30 አልፎ እስከ 38 ሚሊ ከሆነ ኪዩ 10 በ8 ይሆናል፤ ሻፍቱ ላይ 5 ሚሊ ይገባል። የ25 ሚሊ ሻፍት ስትቆርጡ ከቦዩ ወለል እስከ ሻፍቱ ጀርባ በካሊፐር ለኩ። 21 ሚሊ ሲሆን ደርሳችኋል።

አንድ ምክር ልጨምር። ባለ 8 ሚሊ መቁረጫ በአንድ መስመር ሲሄድ ቦዩ ትንሽ ሊሰፋ ይችላል፤ ትናንሽ ማሽን ላይ ይህ የተለመደ ነው። ስለዚህ ቦዩን ለኪዩ ልክ ለማድረግ አትታገሉ። መጀመሪያ ቦዩን አውጡ፤ ከዚያ ኪዩን ከፍ ካለ ብረት ጀምራችሁ በሞረድ እያስገባችሁ አላምዱት። በመዶሻ ቀስ ብሎ ተመትቶ የሚገባ ኪይ ነው የሚፈለገው።

ቨርቲካል ስላይዱን መሥራት

ከኪይ ቦይ ያለፈ ሥራ ሲመጣ ግን ሦስተኛዋ አቅጣጫ ታስፈልጋለች። ጠፍጣፋ ገጽ ማውጣት፣ ብሎክን አራት ማዕዘን ማድረግ፣ ቦይን በቀጭን መቁረጫ ከላይና ከታች እያሰፉ ልክ ማምጣት፣ ሁሉም ወደ ላይና ወደ ታች መሄድ ይፈልጋሉ።

የኔ ምርጫ አዲስ ስላይድ ከመሥራት በፊት ያለውን መጠቀም ነው። ቶርኖዋ ላይ ኮምፓውንድ የምንለው ትንሹ ስላይድ አለ። የራሱ ጥርስ (የሚገፋው ብሎን)፣ የራሱ መደብ፣ ቁጥር ያለበት የራሱ እጀታ አለው። እሱን ፈትታችሁ ቆሞ በሚታሰር ማዕዘን ላይ ብትጭኑት ቨርቲካል ስላይድ ሆነ ማለት ነው። ጉዞው አጭር ነው፤ በሚኒ ቶርኖ ላይ ከጥቂት ሳንቲ ሜትር አይበልጥም። ለአብዛኛው የሠፈር ሥራ ግን ይበቃል። ከመጀመራችሁ በፊት ከክሮስ ስላይዱ እስከ ስፒንድሉ መሀል ያለውን ቁመት ለኩ። ቦታው ጠባብ ነው። እዚህ ጋ የሳተ ሰው ማዕዘኑን እንደገና ይሠራል።

ማዕዘኑ ሁለት ወፍራም ብረቶች በኤል ቅርጽ ተበይደው፣ ከጀርባቸው ሦስት ማዕዘን ደጋፊ የገባላቸው ነው። ውፍረቱ ከ12 ሚሊ አይነስ። 20 ካገኛችሁ ውሰዱ። ላሜራ አጣጥፎ የሚሠራ አለ፤ አይሆንም። መቁረጫው በየጥርሱ እየመታ ነው የሚቆርጠው። ቀጭን ብረት በየምቱ ይለጠጣል፤ የተቆረጠው ገጽም እንደ ኮረኮንች መንገድ ይሆናል።

ብየዳ ደግሞ ብረትን ያጣምማል። ሁለቱን ብረቶች በጉኒያ ቀጥ አድርጋችሁ ብትበይዱ እንኳ ሲቀዘቅዝ ይስባል። መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛ፣ የተበየደውን ማዕዘን በቀጥቃጭ ምድጃ ደብዘዝ ያለ ቀይ እስኪሆን፣ ወደ 600 ዲግሪ ገደማ፣ አግላችሁ አመድ ውስጥ ቀብራችሁ ቀስ ብሎ ይቀዝቅዝ። በውስጡ የተወጠረው ኃይል ይለቃል። ሁለተኛ፣ ከዚህ ሁሉ በኋላ የማዕዘኑን ፊት ቶርኖዋ ላይ ራሷ ቁረጡት።

ይህ ሁለተኛው ነገር የሥራው ልብ ስለሆነ ላብራራው። መጀመሪያ የማዕዘኑን እግር ጠፍጣፋ አድርጉ፤ ክሮስ ስላይዱ ላይ ሲቀመጥ መንገዳገድ የለበትም። ከዚያ በብሎን አጥብቃችሁ እሰሩት። ቻኩ ላይ ፍላይ ከተር እሰሩ። ፍላይ ከተር ማለት አንድ የቶርኖ መቁረጫ ጫፉ ላይ የተሰካበት ክብ ብረት ነው፤ ራሳችሁ ትሠሩታላችሁ። ስፒንድሉ እየዞረ ማዕዘኑን በክሮስ ስላይዱ አሳልፉት። ቀጭን ቀጭን እየላጠ ፊቱን ያስተካክላል። የወጣው ገጽ ከክሮስ ስላይዱ ጉዞ ጋር ትይዩ ነው፤ ስፒንድሉ ትክክል ከሆነ ለስፒንድሉም ቀጥ ያለ ነው። ማዕዘኑ ሲበየድ አንድ ዲግሪ ቢያዘነብል እንኳ አሁን ታረመ። ውድ መለኪያ ሳይኖር ትክክለኛ ዕቃ የሚወጣው እንዲህ ነው። ፍላይ ከተሩ 60 ሚሊ ክብ ከሠራ፣ በደቂቃ 130 ዙር ገደማ ለብረት ይበቃዋል።

ኮምፓውንዱን መፍታት የማይፈልግ ሰው የራሱን ስላይድ ይሠራል። በፋብሪካ የሚሠራው ዘንበል ባለ ጠርዝ የሚንሸራተት ነው። ያንን ለማውጣት ግን ሚሊንግ ማሽን ይጠይቃል፤ እኛ ደግሞ የሌለን እሱን ነው። ስለዚህ ከጠፍጣፋ ብረቶች ተደራርቦ የሚሠራውን ያዙ። አንድ መደብ ይቀመጣል። በሁለት ጎኑ ሁለት ቀጥ ያሉ ብረቶች በብሎን ይታሰራሉ። በመሀላቸው የሚንሸራተተው ሰሌዳ ይገባል። ከላይ ሁለት የክዳን ብረቶች ጠርዙን ይዘው እንዳይወጣ ያደርጉታል። በአንዱ ጎን ከሰሌዳው አጠገብ ቀጭን የነሐስ ወይም የብረት ቁራጭ ይገባል፤ ሦስት ትናንሽ ብሎኖች ከውጭ ይገፉታል። ሲላላ በብሎኖቹ ታጠብቃላችሁ። ለዚህ ሥራ ከግንባታ የተረፈ ጥቁር ብረት አይሁን፤ ፊቱ ወጣ ገባ ነው። ተስቦ የወጣ ለስላሳ ብረት ፈልጉ።

የሚያንቀሳቅሰው ጥርስስ? ተራ ኤም10 ብሎን አንድ ዙር ሲዞር 1.5 ሚሊ ይሄዳል። ይሠራል፤ ሒሳቡ ግን ያናድዳል። ቶርኖ አላችሁ አይደል? የራሳችሁን ጥርስ አውጡ፤ አንድ ዙሩ 1 ሚሊ የሚሄድ። የእጀታውን ቀለበት 20 ቦታ ብትከፍሉ እያንዳንዱ ጭረት 0.05 ሚሊ ይሆናል።

የኮምቦልቻ ሰው አንድ ዕድል አለው። ከተማዋ የከባድ መኪና መንገድ ላይ ናት፤ የአሮጌ መኪና ዕቃ አይጠፋም። የሾክ አብዞርበር ዘንግ ክሮም የተቀባ፣ ተፈጭቶ የለሰለሰ ቀጥ ያለ ብረት ነው። ሁለቱን አቁሞ በነሐስ ቡሽ የሚንሸራተት ስላይድ የሚሠሩ አሉ። ለመሥራት ይቀላል፤ ጥንካሬው ግን ከጠፍጣፋው ያንሳል። ለአሉሚኒየም ከሆነ ተጠቀሙበት። ለብረት እኔ አልመርጠውም።

መቁረጫውን መያዝ

ኤንድ ሚል የሚባለውን መቁረጫ ባለ ሦስት ጥርስ ቻክ ውስጥ አስሮ መጀመር ሁሉንም ሰው ያጓጓል። ችግር አለው። የመቁረጫው እግር ጠጣርና ለስላሳ ነው። ጠመዝማዛ ጥርሱ ብረት ሲይዝ ራሱን ወደ ውጭ ይጎትታል። በንዝረት ቀስ በቀስ ከቻኩ ይወጣል፤ 4 ሚሊ ያላችሁት ቦይ መጨረሻው ላይ 5 ሆኖ ታገኙታላችሁ። የትራፓኖ ቻክማ ጭራሽ አይሆንም። እሱ የተሠራው ወደ ፊት ለሚገፋ ኃይል እንጂ ወደ ጎን ለሚገፋ አይደለም፤ ከነቻኩ ተነቅሎ ሊወድቅ ይችላል።

ጥሩው ኮሌት ነው፤ መቁረጫውን ዙሪያውን አንቆ የሚይዝ የተሰነጠቀ መያዣ። በሚኒ ቶርኖዎች ስፒንድል ውስጥ ብዙ ጊዜ ሞርስ ቴፐር ቁጥር 3 የሚባል እየጠበበ የሚሄድ ቀዳዳ አለ። ለእሱ የሚሆን ኮሌት ገዝታችሁ ከስፒንድሉ ጀርባ በረጅም ብሎንና በሮንዴላ ትስባላችሁ። ኮሌት ከሌለ መያዣውን ሥሩ። ክብ ብረት ቻኩ ላይ እሰሩ። እዛው እንዳለ ብሱት፤ በቦሪንግ ባር መቁረጫው እግር ልክ አድርሱት። ባለ 8 ሚሊ መቁረጫ እግሩ ብዙ ጊዜ 10 ሚሊ ነው፤ ለክታችሁ ሥሩ። ከጎን ሁለት ብሎኖች አስገቡ። መቁረጫው እግር ላይ በግራይንደር ትንሽ ጠፍጣፋ ቦታ አውጡና ብሎኖቹ እሱን ይጫኑት። መያዣው ከቻኩ እስካልወጣ ድረስ መሀሉ ትክክል ነው። ካወጣችሁት ግን የትኛው የቻክ ጥርስ የት እንደነበር ምልክት አድርጉ፤ እንደዚያም ሆኖ እንደ መጀመሪያው አይሆንም።

ካርባይድ መቁረጫ ሲያዩት ያምራል። ለዚህ ሥራ ግን ሃይ ስፒድ ስቲል ይሻላል። ካርባይድ ንዝረት አይወድም፤ ጥርሱ ይሸረፋል። ለቦይ ባለ ሁለት ጥርሱን፣ ለጎን ባለ አራቱን ውሰዱ።

ሲቆረጥ

ፍጥነቱን ማስላት ቀላል ነው። 25ን በ1000 አባዙ፤ ከዚያ በ3.14 አካፍሉ፤ የወጣውን ደግሞ በመቁረጫው ዲያሜትር አካፍሉ። 25 ማለት ሃይ ስፒድ ስቲል ለስላሳ ብረት ላይ በደቂቃ የሚሄደው ሜትር ነው። ለ8 ሚሊ መቁረጫ 1000 ዙር ገደማ ይወጣል። ለ10 ሚሊ 800። አሉሚኒየም ሁለትና ሦስት እጥፍ ይችላል። በየጥርሱ 0.02 ሚሊ ብንሰጥ፣ ባለ ሁለት ጥርስ መቁረጫ በ1000 ዙር በደቂቃ 40 ሚሊ ይሄዳል። የ40 ሚሊ ቦይ አንድ ጊዜ ለማለፍ አንድ ደቂቃ ነው። በአንድ ጊዜ 0.4 ሚሊ ብቻ ግቡ፤ በአሥር ጊዜ 4 ሚሊ ትደርሳላችሁ። ቸኩሎ 2 ሚሊ የገባ ሰው መቁረጫ ይሰብራል።

የማያንቀሳቅሱት ነገር ሁሉ ይታሰር። ክሮስ ስላይዱን ስትገፉ ካሬጁም ቨርቲካል ስላይዱም መቆለፍ አለባቸው። ብዙ ሚኒ ቶርኖዎች የካሬጅ መቆለፊያ የላቸውም። ከቤዱ ሥር የሚገባ ቁራጭ ብረትና ከላይ የሚስበው አንድ ብሎን ይበቃል። ከሁሉ አስቀድማችሁ ሥሩት።

በጎን ስትቆርጡ አቅጣጫ ይጠበቅ። ስላይዱን በሚገፋው ብሎን ጥርስና በዳዶው መሀል ሁልጊዜ ትንሽ ክፍተት አለ። መቁረጫው ብረቱን በሚሄድበት አቅጣጫ ከገፋው፣ ያችን ክፍተት ተጠቅሞ በድንገት ይነጥቀዋል። ስለዚህ ብረቱ ሁልጊዜ በመቁረጫው ተቃራኒ ይሂድ። ቶርኖዋ እንደወትሮዋ ወደ ፊት እየዞረች ብረቱ ከመቁረጫው በታች ከሆነ፣ ወደናንተ እየጎተታችሁ ቁረጡ። ከላይ ከሆነ ከናንተ እየገፋችሁ።

የተቃጠለ የሞተር ዘይት ለማቀዝቀዣ መጠቀም ልማድ ነው። ተዉት፤ ቆዳ ላይ ሲቆይ ለካንሰር የሚያጋልጥ ነገር አለው። ንጹሕ ዘይት በብሩሽ በቂ ነው፤ ለአሉሚኒየም ትንሽ ላምባ። መነጽር አድርጉ፤ ሻርፕና ሰፊ እጅጌ አርቁ። ፍርፋሪውን በእጅ አትጥረጉ። መብራት ሲሄድ ደግሞ መጀመሪያ ማብሪያውን አጥፉ፤ ቀጥሎ ብረቱን ከመቁረጫው አርቁ። መቁረጫው ብረት ውስጥ ተቀብሮ እያለ መብራት ከመጣና ማሽኑ ራሱ ከተነሣ፣ የሚሰበረው መቁረጫው ብቻ ላይሆን ይችላል።

የፑሊው ውስጥ ቦይ

ሻፍቱ አለቀ፤ ፑሊው ቀረ። የውስጡን ቦይ ኤንድ ሚል አያወጣውም። እዚህ ቶርኖዋ ሳትዞር ትሠራለች። ፑሊውን ቻኩ ላይ እሰሩ፤ ሶኬቱን ንቀሉ፤ ስፒንድሉ እንዳይዞር ቆልፉት። 4 ሚሊ ስፋት ያለው መቁረጫ ወፍራም ባር ላይ ወደ ጎን አስራችሁ ቨርቲካል ስላይዱ ላይ ጫኑት። ካሬጁን በእጅ እያመላለሳችሁ ቀዳዳው ውስጥ አስገቡና አውጡ። በየምልልሱ በክሮስ ስላይዱ 0.05 ሚሊ ጨምሩ። 3.3 ስትደርሱ ቨርቲካል ስላይዱን 4 ሚሊ አንሥታችሁ ቀሪውን ግማሽ እንዲሁ ቁረጡ፤ 8 ሚሊ ሆነ። ከ130 በላይ ምልልስ ነው። ክንድ ያዝላል፤ ግን መብራት የሌለ ቀንም ይሠራል።